«ደግሞ!»፦ ቴሌታቢስ በእማዬ ቡና ላይ

ደብረ ማርቆስ ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። የጮቄ ብርድ እስከ ከተማው ይወርዳል፣ ግቢው ይጨቀያል፤ ከዳዴ ተላቃ ገና ሩጫ የለመደች ልጅ ደግሞ አራት ግድግዳ አይበቃትም። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር የሆናት ልጄ ባለፈው ክረምት እንዲህ ታፍና ሰነበተች። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ በስልኳ ጭና ያመጣችው የሕፃናት ፕሮግራም ቤታችን የገባው በዚያ ሰሞን ነው። ለምለም ሣር፣ የሕፃን ፊት ያላት ፀሐይ፣ ሆዳቸው ላይ ቴሌቪዥን ያለባቸው አራት ድብልብል ፍጥረቶች። ቴሌታቢስ ይባላል።

ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈን ከረከቦቱ አጠገብ አቆምነው። ልጂቱ ቁጢጥ ብላ ማየት ጀመረች። ቡና ሊጠጡ የመጡ ሁለት ጎረቤቶቻችንም አብረው አዩ። እማዬ ቡናውን እየቆላች በአንድ ዓይኗ ትመለከታለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፍርዱ ተጀመረ።

«ቀንድ አላቸው» አሉ በዕድሜ የገፉት ጎረቤታችን። ጭንቅላታቸው ላይ ያለውን አንቴና ማለታቸው ነው። አማተቡ። «ሆዱ የሚበራ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ለሕፃን እንዲህ ያለ ነገር ይታያል?»

ሁለተኛዋ የተጨነቀችው ስለ ቀንዱ አልነበረም። «እነዚህ ራሳቸው አፋቸውን አልፈቱም እኮ! እነርሱን እየሰማች እንዴት አድርጋ ነው አፏን የምትፈታው? ኮልታፋ ሆና ነው የምትቀረው» አለችኝ።

እኔ የቅድመ መደበኛ መምህርት ነኝ፤ ስለ ልጆች አንደበት ሲነሣ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ተከራከርኩ። እህቴም ፕሮግራሙን ያመጣችው እርሷ ናትና ተከራከረች። ቡናው ተወቀጠ፣ ተፈላ፣ አቦል ተቀዳ፤ ክርክሩ አልበረደም። እማዬ ብቻ ምንም አላለችም። በመጨረሻ የተናገረችው አንድ ነገር ነው ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ፤ እርሱን ግን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ በፊት ሌላ የምናገረው አለኝ።

በዚያው ሳምንት ስለ ፕሮግራሙ የተጻፈውን ሳገላብጥ የደነቀኝ፣ በእኛ ረከቦት ዙሪያ የተሰነዘሩት ሁለቱ ክሶች ታላላቅ አገሮችን ለዓመታት ያነታረኩ መሆናቸው ነው። ቴሌታቢስ በእንግሊዝ ቢቢሲ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው መጋቢት 22 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ 1997 መሆኑ ነው። ፈጣሪዎቹ ቀደም ሲል መምህርት የነበረችው አን ዉድ እና በዩኒቨርሲቲ የንግግር ሳይንስ ያጠናው አንድሩ ዳቬንፖርት ናቸው። የታሰበለት ተመልካች ተረት ተከታትሎ የሚረዳ ልጅ አይደለም። ገና አንድ ዓመት የሞላው፣ ቃል አፉ ውስጥ እየበሰለ ያለ ሕፃን ነው። ስለዚህ ቲንኪ ዊንኪ፣ ዲፕሲ፣ ላ ላ እና ፖ «ሄሎ» አይሉም፤ «ኧ ኦ» ነው የሚሉት።

ጋዜጦቹ ይህን አልወደዱትም። መምህራንና ወላጆች ተነሡ። ልጆቻችን ቋንቋቸው ይበላሻል፣ ሕፃናት ኩልትፍና ይማራሉ፣ የተከበረው ጣቢያ ደረጃው ዘቀጠ ተባለ። ጎረቤቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰችው ነው። በሌላ ወገን ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ጠዋት ጠዋት የሚከታተሉት ነገር ሆነ። በዚያው ዓመት የፈረንጆች ገና ሲደርስ አሻንጉሊቶቹ ከሱቅ ጠፉ፣ የፕሮግራሙ ዘፈን በእንግሊዝ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጥቶ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ድረስ 365 ክፍሎች ተሠሩ። ለአንድ ዓመት ቀን በቀን አንድ ማለት ነው።

የ«ቀንዱ» ክስ አሜሪካን ጠበቀ። ፕሮግራሙ እዚያ መታየት የጀመረው በ1998 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዓመቱ የታዋቂው ሰባኪ የጄሪ ፋልዌል ጋዜጣ ለወላጆች ማስጠንቀቂያ አወጣ። ቲንኪ ዊንኪ ቀለሙ ሐምራዊ ነው፣ አንቴናው ሦስት ማዕዘን ነው፣ ወንድ ሆኖ ሳለ ቀይ ቦርሳ ይይዛል፤ ይህም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ምልክት ነው የሚል ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፖላንድ የሕፃናት መብት ጠባቂ የሆኑት ባለሥልጣን ያንኑ ቦርሳ አነሡ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እንዲመረምሩት እጠይቃለሁ ብለው ከተናገሩ በኋላ ሐሳቡን ተዉት።

ይህን ሳነብ ተናደድኩ። የተናደድኩት አንድም አዋቂ ቁጭ ብሎ ሕፃኑን አለማየቱ ነው። ሕፃኑ ሳይሆን ስክሪኑ ነው የታየው። ልጄ ያንን ቀይ ቦርሳ ስታይ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። ተነሣች። ወደ ጓዳ ሄዳ የእማዬን ዘንቢል እየጎተተች መጣች። ማንኪያ ከተተችበት። አወጣችው። የጀበናውን ማቶት ከተተች፤ አወጣች። ከዚያ የራሷን አንድ እግር ጫማ ከተተችና ወደ ውስጥ አጎንብሳ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች፤ ጫማው እዚያው እንዳለ ለማረጋገጥ ይመስለኛል። በእርሷ ዕድሜ ቦርሳ ማለት ነገር ገብቶ የሚጠፋበት፣ ተመልሶም የሚገኝበት ተአምር ነው። ሠሪዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። የፈረዱት አያውቁም ነበር፤ ወይም ከልጅነታቸው ርቀው ረስተውት ነበር።

ሌላው አዋቂዎችን ያስመረረው ነገር ድግግሞሹ ነው። የቴሌታቢሶቹ ሆድ ላይ ያለው ስክሪን ይበራና እውነተኛ ልጆች አንድ ነገር ሲያደርጉ ያሳያል። ዳቦ እንደ መጋገር፣ ኩሬ ውስጥ እንደ መንቦጫረቅ ያለ ቀላል ነገር ነው። ሲያልቅ አራቱም «እንደገና! እንደገና!» እያሉ ይዘላሉ። ከዚያም ያው ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ነገር ሳትቀነስ ይደገማል። እህቴ ራሷ «ይቺን እንኳ እለፊው» አለችኝ። ልጄ ግን እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ «ደግሞ!» አለች።

ወገኖቼ፣ ይህን ከማንም በላይ ልንረዳ የሚገባን እኛ ነን። በእኛ አገር ሕፃን ግድግዳውን ለቅቆ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሩ ሲቆም፣ አያቱ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» እያለች ታጨበጭባለች። አንድ ጊዜ ብላ አትተወውም። ሕፃኑ እስኪወድቅ ትለዋለች፤ ወድቆ ሲነሣ እንደገና ትለዋለች፤ በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ትለዋለች። እሹሩሩም አንድ ዙር አይደለም፤ አንቀልባው ጀርባ ላይ እስኪከብድ፣ ትንሿ ጭንቅላት አንገት ሥር ዘንበል እስክትል ድረስ ነው። አያት ይህን ስታደርግ የልጁን ቋንቋ አበላሸች ብሎ የጻፈ ጋዜጣ የለም። ልጄን «ቡዋ ትጠጫለሽ?» የምትላት እማዬ ናት፤ ውኃ የሚለውን ቃል ልጄ ከእርሷው ተምራዋለች። ቡዋን አስቀድማ ነው ወደ ውኃ ያሻገረቻት።

ድግግሞሹን በሚመለከት ምርምሩም ከሕፃኑ ጎን የቆመ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተደረገ አንድ ጥናት ለትንንሽ ልጆች የተዘጋጀ የሌላ ፕሮግራም አንዱን ክፍል ለአምስት ቀናት በተከታታይ አሳይቶ ነበር። ልጆቹ አልተሰላቹም። በየቀኑ የሚረዱት ጨመረ፤ ነገሩን ሲያውቁት ደግሞ ለስክሪኑ ጮክ ብለው መመለስና መሳተፍ አበዙ። ክፍሌ ውስጥ የማየው ይኸው ነው። ሰኞ የነገርኩትን ተረት ዓርብ ስደግመው ከእኔ ቀድመው የሚናገሩት ልጆች ሰኞ ዕለት አንገታቸውን ደፍተው የነበሩት ናቸው።

እስከዚህ ድረስ የፕሮግራሙ ጠበቃ ነኝ። ወደ እማዬ ነገር ልመለስ።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ክርክሩ ጋብ አለ። እማዬ ስኒውን አስቀመጠችና፣ «ልጄ፣» አለችኝ፣ «እናንተ ስትከራከሩ ይቺ ልጅ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም።»

ደነገጥኩ። ወደ ኋላ መልሼ ሳስታውሰው ሰምቼው ነበር። ስክሪኑ ላይ ሣሩ መካከል ጥንቸል ዘለለች። ልጄ በጣቷ ነክታ «ይኼ?» አለች። ጥንቸሏ ወጣች። እንደገና ስትመጣ «ይኼ?» አለች፤ በዚህ ጊዜ ዞር ብላ ሁላችንንም አየችን። እኔ ስለ ልጆች አንደበት እየተናገርኩ ነበር። ጎረቤቴ ልጂቱ ኮልታፋ ትሆናለች እያለች ነበር። በስልኩ ውስጥ ያሉትም ለራሳቸው በእንግሊዝኛ እየሳቁ ነበር። አምስት ትልልቅ ሰዎችና አራት ቴሌታቢሶች በነበርንበት ቤት ለአንዲት ሕፃን ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ጠፋ።

እማዬ ግን ተነሥታ ከጎኗ በርከክ አለች። ስክሪኑን ወደ ኋላ እንድመልሰው ነገረችኝ። ጥንቸሏ ስትመጣ፣ «ጥንቸል ናት፣ ሆዴ። ጥንቸል» አለቻት። ልጄ አፏን አየቻት። ስክሪኑን ሳይሆን የአያቷን አፍ። «ቸል» አለች። «ጥን... ቸል» አለች እማዬ። «ቸል! ደግሞ!» እንደገና መለስነው። ስድስት ጊዜ መለስነው መሰለኝ።

ነገሩን ካስተዋልነው፣ የጎረቤቴ ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም። ዴቦራ ላይንባርገር እና ዴል ዎከር በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 51 ሕፃናትን ከስድስት ወራቸው ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ተከታትለዋል። ቴሌታቢስን በብዛት ያዩት የሚያውቋቸው ቃላት ያነሱ ሆነው ተገኙ፤ ሌሎች አንዳንድ ፕሮግራሞችን ያዩት ደግሞ የበለጡ። ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አብሮ መገኘቱም አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። ቢሆንም እንደ እናትም እንደ መምህርትም እንዳላየሁ ማለፍ አልቻልኩም።

የእኔ እምነት ጥፋቱ ያለው «ኧ ኦ» ላይ አይደለም የሚል ነው። ፓትሪሺያ ኩል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳየችው ነገር ለዚህ ይረዳኛል። እንግሊዝኛ ብቻ በሚሰማበት ቤት ያደጉ የዘጠኝ ወር ሕፃናት ቻይንኛ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር 12 ጊዜ ያህል ተቀምጠው ተጫወቱ፤ የቻይንኛን ድምፆች ለይተው መስማት ቻሉ። ሌሎች ሕፃናት እነዚያኑ ሰዎች፣ ያንኑ መጽሐፍና አሻንጉሊት ይዘው በቪዲዮ አዩ፤ ምንም አልተማሩም። ንግግሩ አንድ ነበር፣ የተናጋሪዎቹም አነጋገር የጠራ ነበር። በቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰው ግን ሕፃኑ ወዴት እንደሚያይ አያይም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1999 እ.ኤ.አ. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቴሌቪዥን ባያዩ ይሻላል ብሎ መከረ። በ2016 እ.ኤ.አ. ምክሩን ሲያድሰው ከ18 ወር በታች ላሉት አንድ ነገር ብቻ ፈቀደ፤ የቪዲዮ ጥሪ። ይህን ሳነብ ባለቤቴን አሰብኩት። ሥራው ባሕር ዳር ስለሆነ ማታ ማታ በስልክ ነው የምናየው። ልጄ ጫማዋን ታነሣና ለስክሪኑ ታሳየዋለች። «ጫማ! የማን ጫማ ነው?» ይላታል። ደረቷን ትነካለች። ስልኩ ያው ስልክ ነው፤ የተደገፈውም በዚያው የስኳር ዕቃ ነው። በወዲያኛው ጫፍ ግን ያያትና የሚመልስላት ሰው አለ።

እንግዲህ እነዚያ ሁሉ ዓመታት የባከኑት በምን ላይ እንደሆነ ሳስብ ያመኛል። ቋንቋው፣ ቀለሙ፣ ቦርሳው። ፕሮግራሙ ከ120 በላይ አገሮች ታይቷል ይባላል፤ በእነዚያ ሁሉ ቤቶች ስንት ሕፃን በጣቱ እየጠቆመ «ይኼ?» ብሎ ይሆን? እናቱ እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብ፣ ለአፍታ ጎኗን ለማሳረፍ ስክሪን ፊት ያስቀመጠችውን ልጅ አልወቅስም፤ እናቲቱንም አልወቅስም። እኔም አድርጌዋለሁ። የክረምት ቀን ረጅም ነው። አን ዉድና ባልደረባዋ የሚገባቸውን ምስጋና እንዲያገኙም እፈልጋለሁ፤ የአንድ ዓመት ሕፃንን እንደ ሙሉ ተመልካች አክብረው፣ በእርሱ ፍጥነት ሄደውለታል። ጥንቸሎቹን እንኳ ከግዙፉ የፍሌሚሽ ዝርያ ነው የመረጧቸው፤ ልብሱን የለበሱት ተዋንያን በጣም ትልልቅ ስለነበሩ በተራ ጥንቸል አጠገብ ሲታዩ መጠናቸው ይጋለጥ ነበር። ለሕፃን ዓይን ይህን ያህል መጠንቀቅ ክብር ነው።

የእኛን ሳስብ ደግሞ ልቤ ይቆጫል። አባባ ተስፋዬን በልጅነቴ ያየሁት በጎረቤት ቤት ነው፤ ወለሉ ላይ ተደርድረን። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉን ጮኸን እንመልስ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ የአገሩን ልጆች አሳድገዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ እርሷም መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ቀጭኔዋን ፀሐይን ይዛ መጣች። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማትን እስከ ማግኘት ደረሰ። ሁለቱም ግን አፉን ለፈታ፣ ታሪክ ለሚከተል ልጅ የተሠሩ ናቸው። ለሁለት ዓመቷ ልጄ በአማርኛ የሚናገር፣ በእርሷ ፍጥነት የሚሄድ ነገር ብፈልግ ብፈልግ ልቤን የሞላው አላገኘሁም። በእንግሊዝኛ የሚፈጥን፣ የሚያብለጨልጭ፣ በሦስት ሰከንድ ሥዕል የሚቀያይር ግን ስልኩ ሞልቷል።

የምመኘውን ልናገር። ጥጃ ጡት ስትጠባ፤ ረጅም ጊዜ፣ ማንም ሳያወራ፣ ጅራቷ ሲወዛወዝ። የመሶብ ክዳን ሲነሣ፣ ሲከደን፣ እንደገና ሲነሣ። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲጀምርና ሲያባራ። ጀበናው ሲገነፍል። ከእያንዳንዱ በኋላ ዝምታ ይኑር፤ ልጁ ጣቱን የሚቀስርበት፣ አጠገቡ ያለ ሰውም ስሙን የሚጠራለት ያህል ረጅም ዝምታ። ከዚያ ይደገም። ይህን ለመሥራት የእንግሊዝ አረንጓዴ ኮረብታ አያስፈልግም፤ ጎዛምን ወርዶ አንድ ጠዋት ካሜራ ማቆም ይበቃል። የሚሠራው ሰው ግን ሕፃን አጠገብ በርከክ ብሎ የሚያውቅ ይሁን፤ ይህን እለምናለሁ።

አሁን ቤታችን ያለው ሥርዓት ይህ ነው። ስልኩ የሚወጣው ከመካከላችን አንዳችን ከልጂቱ ጎን ስንቀመጥ ብቻ ነው። በዕድሜ የገፉት ጎረቤታችን ቀንዱን ዛሬም አይወዱትም፤ ኑ ኑ የተባለውን ወለል ጠራጊ ማሽን ግን ለምደውታል፤ ስሙ ሲጠራ «ኑ ኑ እያለ የሚጠራን ማንን ነው?» ይላሉ፤ ልጄም በአማርኛው ገብቷት እየሮጠች ጉልበታቸው ላይ ትወጣለች። ያቅፏታል።

መስከረም ሲጠባ፣ ግቢው ደርቆ አደይ ሲፈነዳ፣ እማዬ ልጄን ይዛት ወጣች። እኔ ከበሩ ላይ ሽሮ እያበጠርኩ ነበር። ከአጥሩ ሥር፣ ረጅሙ ሣር ውስጥ፣ ግራጫ ነገር ተንቀሳቀሰ። ልጄ ቆመች። ጣቷን ቀሰረች። «ቸል!» አለች፣ በሙሉ እምነት።

እማዬ ጎንበስ ብላ አየች። የጎረቤት ድመት ናት።

«ድመት ናት፣ ሆዴ። ጥንቸል ጆሮዋ ረጅም ነው፤ ይቺን እያት፣ አጭር ነው። ድመት። ሚያው ትላለች።»

ልጄ ድመቷን አየች፣ አያቷን አየች። የራሷን ጆሮ በእጇ ያዘች።

«ደግሞ» አለች።